ጥርስ በጉልበት አይነጣም



ከአዳማ ተነሥተው ወደ መተሐራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት እንደ ተጓዙ፣ ሜዳው ሰፍቶ፣ ግራሩ እዚህም እዚያም ተበታትኖ፣ የቦሰት ተራራ ብቻውን ቆሞ በሚታይበት ስፍራ ወለንጪቲን ያገኛሉ። የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ያለፈባት፣ ፀሐይዋ የበረታ፣ መንገደኛ ወርዶ ውኃ የሚጠይቅባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ወይም በአካባቢዋ ተወልደው ያደጉ ከሆነ፣ አሁን የማነሣውን ነገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ይኸውም በሚስቁበት ጊዜ መዳፍን ወደ አፍ የመውሰድ ልማድ ነው።

ልማዱ የሚጀምረው በትምህርት ቤት ነው። የክፍል ፎቶግራፍ ሲነሡ ሌላው ፈገግ ሲል እርስዎ ከንፈርዎን ይገጥማሉ። ኋላም አዲስ አበባ ገብተው ለሥራ ሲቀርቡ፣ የትውልድ አገርዎን የጻፉበትን ወረቀት ጠያቂው ገና ሳያነበው «የናዝሬት ልጅ ነዎት?» ይልዎታል። ጥርስ መስክሮብዎታልና። እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙው ወጣት ጥርሱን ጠላቱ ያደርገዋል። ጧት ማልዶ ተነሥቶ በአመድ፣ በከሰል፣ በጨው ወይም በደረቅ ብሩሽ ድዱ እስኪደማ ይፈገፍገዋል። ጥርሱ ግን አይነጣም። እንዲያውም ከዓመት ወደ ዓመት ይሳሳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይጠዘጥዘዋል።

ዛሬ ሁለት ነገሮችን ላጫውትዎ አስቤአለሁ። አንደኛው ጥርስን በደንብ ለመፋቅ የሚያገለግሉት ልዩ ልዩ ዘዴዎች ምን ምን እንደሆኑና እያንዳንዱ በምን ጊዜ እንደሚያስፈልግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መፋቅ ምን ሊያደርግ እንደማይችል ነው። ሁለተኛውን ያላወቀ ሰው የመጀመሪያውን ቢያውቅም በጥርሱ ላይ ጉዳት ማድረሱ አይቀርምና፣ ከእርሱ እንጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

የበለዘ ጥርስና የቆሸሸ ጥርስ

የበለዘ ጥርስ የቆሸሸ ጥርስ አይደለም። ይህን ቃል በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቢጽፉት አይቆጭዎትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1901 ፍሬድሪክ ማኬ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ አገር ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ። በዚያ የተወለዱት ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ ቢያየው ተገረመ። የአገሩ ሰው አንዱ «የአሳማ ሥጋ መብላት ነው» ሲል፣ ሌላው «ወተቱ ነው» ይል ነበር። ማኬ ግን ነገሩን ሠላሳ ዓመት ያህል ተከታተለው። ከውጭ አገር በጎልማሳነታቸው የመጡት ሰዎች ጥርስ አለመለወጡን፣ በዚያው ያደጉት ልጆች ጥርስ ግን መለወጡን አስተዋለ። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ውኃው አዘነበለ። በመጨረሻም በ1931 ቸርችል የተባለ የአንድ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት ተመሳሳይ ጥርስ ከታየበት ከሌላ ስፍራ የመጣ ውኃ መርምሮ፣ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ እንዳለበት አገኘ። ምሥጢሩ ተገለጠ ማለት ነው።

የእኛም ስምጥ ሸለቆ ምሥጢር ይኸው ነው። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከምድር በታች ያለው ውኃ በዚያ ድንጋይ መካከል እየሞቀ ሲያልፍ ፍሎራይዱን አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት ግን በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ ከ1.2 እስከ 36 ሚሊግራም ድረስ አግኝተዋል። በዚያው ጥናት በሸለቆው ተወልደው ካደጉት ከተመረመሩት ልጆች ውስጥ ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው የበለዘ ነበር። ስለዚህ የወለንጪቲ ልጅ ሆይ፣ በዚህ ነገር ብቻዎን አይደሉም። የሚያፍሩበትም ምክንያት የለም።

ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበልዘው ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ሳይሆን ገና በድድ ውስጥ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ይህም ከልደት እስከ 8 ዓመት ግድም ያለው ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የጠጣ ሕፃን የጥርሱ የላይኛው ቅርፊት በደንብ ሳይጠጥር፣ ዐይን የማያየው ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይወጣል። ጥርሱ ሲበቅል እንደ ኖራ የነጣ መስሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ምግቡና መጠጡ በነዚያ ቀዳዳዎች እየገባ ቀለሙን ቡናማ ያደርገዋል። «ድሮ ነጭ ነበር፤ ባለመፋቄ ነው የበለዘው» የሚለው የተሳሳተ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ቀለሙ በጥርሱ ላይ ሳይሆን በጥርሱ ውስጥ ነው። በመፍገፍ ይወጣል ማለት የግድግዳን ስንጥቅ በመጥረጊያ አጠፋለሁ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ የራስዎን ጥርስ እንዴት ይለዩታል? መስተዋት ይያዙና ወደ ብርሃን ይቅረቡ። ቀለሙ በግራና በቀኝ ባሉት ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ እኩል ከታየ፣ እንደ መስመር ወይም እንደ ደመና አግድም ከተዘረጋ፣ በጥፍርም ሲነኩት ካልተነሣ፣ ያ የውኃው ምልክት ነው። በድዱ ጠርዝ ዙሪያ የተጠራቀመ፣ በጥፍር ሲጫሩት ነጭ ሆኖ የሚነሣ ለስላሳ ነገር ከሆነ ግን ቆሻሻ ነው፤ በመፋቅ ይጠፋል። በሲጋራ፣ በሻይ ወይም በጫት የመጣው ደግሞ ከጥርሱ ላይ የተለጠፈ ነውና፣ የጥርስ ሐኪም በአንድ ቀን አጠባ ሊያነሣው ይችላል።

የምንፋቀው ምንን ለማስወገድ ነው?

ምግብ በበላን ቁጥር ዐይን የማያያቸው ተሕዋስያን በጥርሳችን ላይ ቀጭንና የሚያጣብቅ ልባስ ይሠራሉ። ስኳር ባገኙ ጊዜ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ጥርስን ይቦረቡራል። ልባሱ ሳይነሣ ከቆየ ደግሞ እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ድድም ያብጣል፣ ይደማል፣ በመጨረሻም ከጥርሱ እየሸሸ ይሄዳል። እንግዲህ የመፋቅ ዓላማ ይህን ለስላሳ ልባስ ሳይደርቅ ማንሣት ነው። ለስላሳን ነገር ለማንሣት ደግሞ ጉልበት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ሥርዓት ነው። ልባሱ በብዛት የሚሸሸገው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ቦታና በጥርሶች መካከል ነው። ሰው ሁሉ የሚፍቀው ግን መስተዋት የሚያሳየውን የፊቱን ገጽ ነው።

ብሩሽ ሲገዙ «ለስላሳ» የተባለውንና ራሱ ትንሽ የሆነውን ይምረጡ። ደረቅ ብሩሽ የበለጠ ያጸዳል የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው። በተለይ የበለዘ ጥርስ ቅርፊቱ ደካማ ስለሆነ በደረቅ ብሩሽና በአሸዋማ ዱቄት ቶሎ ይላጣል። ጠጉሩ ሲንጨፈረር ወይም ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላው ብሩሹን ይለውጡት።

አምስት ዘዴዎችና ጊዜያቸው

የጥርስ ሐኪሞች ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ብዙ የአፋፋቅ ዘዴዎችን አስተምረዋል። ከነዚህ ውስጥ አንዱ ለሰው ሁሉ ይበልጣል ብለው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዱ ለአንዱ አፍ ሌላው ለሌላው ይስማማል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሁሉንም ያንብቡና ለራስዎ የሚሆነውን ይምረጡ።

1ኛ. የፎንስ ወይም የክብ ዘዴ። አልፍሬድ ፎንስ በ1913 በአሜሪካ ብሪጅፖርት ከተማ የመጀመሪያውን የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎች ትምህርት ቤት የከፈተ ሐኪም ነው። በእርሱ ዘዴ የላይና የታች ጥርስን ገጥመው፣ ብሩሹን በጉንጭ በኩል አስገብተው፣ ከላይኛው ድድ እስከ ታችኛው ድድ የሚደርስ ሰፊ ክብ እየሠሩ ቀስ ብለው ያዞሩታል። በምላስ በኩል ያለውን ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ በአጭር በአጭሩ ይፍቃሉ። ይህ ዘዴ ቀላል ስለሆነ ለሕፃናትና እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን ይስማማል። ታናሽ ወንድምዎን ሲያስተምሩ ከዚህ ይጀምሩ።

2ኛ. የባስ ዘዴ። ቻርልስ ባስ የጥርስ ሐኪም አልነበረም። ለስምጥ ሸለቆ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ልንገርዎ፤ ባስ የወባ ተመራማሪ ነበር። በ1912 ከባልደረባው ከጆንስ ጋር ሆኖ የወባን ተሕዋስ ከሰው አካል ውጭ በብልቃጥ ውስጥ በማሳደግ የመጀመሪያው ሆኖአል። በእርጅናው ዘመን ግን ማይክሮስኮፑን ወደ ጥርስ አዞረና፣ በሽታው የሚጀምረው ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠባብ ስንጥቅ መሆኑን አሳየ። ዘዴውም እንዲህ ነው። የብሩሹን ጠጉር በ45 ዲግሪ ወደ ድዱ ያዘንብሉ፤ ጫፉ ወደዚያ ስንጥቅ በጥቂቱ እንዲገባ ያድርጉ። ከዚያ ብሩሹን ከቦታው ሳያነሡ፣ ልክ እንደሚንቀጠቀጥ ሰው እጅ፣ በጣም አጭር በሆነ ንቅናቄ ዐሥር ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ያድርጉት። ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ እንደ ጨረሱ ወደሚቀጥሉት ይለፉ። ከንቅናቄው በኋላ ብሩሹን ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቢጠርጉት ደግሞ «የተሻሻለው የባስ ዘዴ» ይባላል። ለጎልማሳ ሰው፣ በተለይም ሲፍቅ ድዱ ለሚደማው፣ ዛሬ በብዛት የሚመከረው ይህ ነው። ድድ ሲደማ ብዙ ሰው ፈርቶ መፋቁን ይተዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሚደማው በአብዛኛው ቆሻሻ ስላለበት ነውና፣ በለስላሳ ብሩሽና በቀላል እጅ ቢቀጥሉ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይሻላል። ካልተሻለ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

3ኛ. የጥቅለላ ዘዴ። ጠጉሩን በድዱ ላይ አስተኝተው፣ የእጅዎን አንጓ በማዞር ብሩሹን ወደ ጥርሱ ጫፍ እያንከባለሉ ያወርዱታል፤ ለታችኞቹ ደግሞ ያወጡታል። ለእያንዳንዱ ቦታ አምስት ጊዜ ያህል ይደግሙታል። ድዳቸው ጤነኛ ለሆነና የባስ ዘዴ እጃቸው ላልገባ ሰዎች መልካም መማሪያ ነው። ነገር ግን በስንጥቁ ውስጥ ያለውን በደንብ አያወጣም።

4ኛ. የስቲልማን ዘዴ። ፖል ስቲልማን በ1932 ያስተማረው ነው። የጠጉሩ እኩሌታ በድዱ ላይ፣ እኩሌታው በጥርሱ አንገት ላይ ሆኖ በቀስታ እየተጫነ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያም ወደ ጥርሱ ጫፍ ይጠረጋል። ድዳቸው ለሸሸና የጥርሳቸው ሥር ለተገለጠ ሰዎች ይስማማል። ለዓመታት በኃይል ሲፈገፍጉ የኖሩ ከሆነ፣ ይህን ዘዴ ይያዙ።

5ኛ. የቻርተርስ ዘዴ። ይህ በ1928 የወጣ ሲሆን የብሩሹ አያያዝ የተገለበጠ ነው። ጠጉሩ ወደ ድድ ሳይሆን ወደሚያኝኩበት ገጽ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ በጥርሶቹ መካከል እየገባ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ ላይ የማስተካከያ ሽቦ ለታሰረበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለተተከለለት፣ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ላለበት፣ እንዲሁም በሐኪም ትእዛዝ ድዱ ታክሞ ለሚያገግም ሰው ነው።

«ታዲያ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማደርገው ወዲያ ወዲህ መፈግፈግስ?» ይሉኝ ይሆናል። እርሱ የሚፈቀደው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መንጋጋ ለሚያኝክበት ገጽ። በጥርስ አንገት ላይ ከሆነ ግን በመጥረቢያ እንደ ተከተከተ እንጨት የሸረሸረ ምልክት ያወጣል። ያ የተሸረሸረው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

የትኛውንም ዘዴ ቢመርጡ ሥርዓቱ አንድ ነው። አፍዎን በአራት ይክፈሉት፤ የላይ ቀኝ፣ የላይ ግራ፣ የታች ግራ፣ የታች ቀኝ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ይስጡት፤ ጠቅላላው 2 ደቂቃ ይሆናል። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይጀምሩ፤ ያን ጊዜ የሚዘለል ጥርስ አይኖርም። በፊት ጥርሶች የውስጥ ገጽ ላይ ብሩሹን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። በመጨረሻም ምላስዎን ቀስ ብለው ይጥረጉ።

መቼ መፋቅ ይገባል?

ብዙዎቻችን ጧት ፊታችንን ታጥበን፣ መፋቂያ በአፋችን ይዘን ከደጅ መቆም እንወዳለን። መልካም ነው። ነገር ግን ማታ እራት በልተን፣ ሻይ በስኳር ጠጥተን እንዲሁ እንተኛለን። ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ቢሆን፣ የሚተወው የጧቱ ነው እንጂ የማታው አይደለም። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ፣ አሲዱን የሚያጥብልን ነገር የለምና። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ከመተኛትዎ በፊት ይፋቁ።

ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ለስላሳ መጠጥ ከወሰዱ በኋላ ግን ወዲያው አይፋቁ። አሲዱ የጥርሱን ገጽ ለጊዜው ስላላላው ብሩሹ ያነሣዋል። አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሡ።

ስለ መፋቂያችን

አንዳንድ የተማረ ሰው መፋቂያን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ይንቀዋል። ይህ አለማወቅ ነው። በ1978 ኦልሶን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች መካከል ባደረገው ጥናት መፋቂያ ቆሻሻን በማንሣት ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቶአል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 የመፋቂያን ልማድ ደግፎ ተናግሮአል። ወይራው፣ ልምጩ፣ ክትክታው ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ብሩሽ ነው። የኦሮሞ ወገናችን «ሪጋ» ይለዋል።

ሆኖም መፋቂያም ዘዴ አለው። የእርሳስ ውፍረት ያለው እርጥብ እንጨት ይምረጡ። ጫፉን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልጠው፣ ቃጫው እንደ ብሩሽ ጠጉር እስኪለሰልስ ያኝኩት። ከዚያ አንድ አንድ ጥርስ እየለዩ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፍቁ፤ አግድም አይፈግፍጉ። የውስጡን ገጽ አይርሱ፤ መፋቂያ የሚያቅተው እርሱ ነውና። የተጠቀሙበትን ጫፍ በየዕለቱ ቆርጠው ይጣሉ። የማያውቁትን ዛፍ ግን አይቁረጡ። እንደ ቅንጭብ ያለው ወተታማ ተክል አፍና ዐይንን ይጎዳል።

መፋቂያ የሚጎድለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ነው። «ፍሎራይድ አበለዘኝ ብለህ አሁን ደግሞ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ትለኛለህን?» ብለው እንዳይቆጡኝ! በጎልማሳ አፍ ጥርሱ ተሠርቶ ስላለቀ ሳሙናው ከቶ አያበልዘውም። ይልቁንም ከውጭ ሆኖ ከመበስበስ ይጠብቀዋል። ማኬ ራሱ የበለዙት ጥርሶች ቶሎ አለመበስበሳቸውን አይቶ ተደንቆ ነበር። ኋላም በ1945 ግራንድ ራፒድስ የምትባል የአሜሪካ ከተማ በልክ የተመጠነ ፍሎራይድ በውኃዋ ላይ መጨመር ጀመረች። ነገሩ ሁሉ የመጠን ነው፤ ጨው ወጥን ያጣፍጣል፣ ሲበዛም ያበላሻል። ከፋቁ በኋላ አረፋውን ይትፉ እንጂ አፍዎን በብዙ ውኃ አይለቅለቁ፤ መድኃኒቱ ጥቂት ይቆይ።

ለሕፃናት ግን ሌላ ሕግ አለ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሳሙናው እንደ ሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው እንደ አተር ፍሬ ብቻ ይሁን። ልጁም እንዲተፋ እንጂ እንዳይውጥ አጠገቡ ሆነው ይጠብቁት። ውኃው ፍሎራይድ በበዛበት አገር ደግሞ ስለ ሳሙናው ዓይነት አስቀድሞ የጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ለበለዘው ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የማይደረገውን ልንገርዎ። አመድ፣ አሸዋ፣ የተፈጨ ከሰል፣ ሎሚ፣ ማናቸውንም ዓይነት አሲድ በጥርስዎ ላይ አይቀቡ። ለጊዜው የነጣ ይመስላል፤ የተነሣው ግን ቡናማው ሳይሆን ቅርፊቱ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚያገኙት ቢጫና ሕመምተኛ ጥርስ ነው።

የሚደረገው ደግሞ ይህ ነው። ቀላል የሆነውን የጥርስ ሐኪም በጣም ስስ አድርጎ በመሞረድ ወይም በሚያነጣ መድኃኒት ሊያሻሽለው ይችላል። የከፋውን ደግሞ በጥርስ መልክ በተሠራ ስስ ሽፋን ይሸፍነዋል። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ደመወዝዎ ገና ትንሽ ከሆነ ሊታገሡት ይችላሉ፤ መበለዙ አብዛኛውን ጊዜ የመልክ ጉዳይ ነውና። ጥርስዎ የተቦረቦረ፣ የሚሸራረፍ ወይም የሚያም ከሆነ ግን አይቆዩ።

ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር ደግሞ ንጹሕ ጥርስና ጤነኛ ድድ ነው። እናቶቻችን ድዳቸውን ሲነቀሱ፣ የጥርስ ውበት በነጭነቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ነገር መሆኑን ዐውቀው ነበር። «ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በደንብ የተፋቀ የበለዘ ጥርስ ካልተፋቀ ነጭ ጥርስ ይበልጣል፤ ሽታ የለውም፤ አይነቃነቅም፤ እስከ እርጅና ያኝካል።

የሚቀጥለው ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የእርስዎ ጥርስ ተሠርቶ አልቆአል። ነገር ግን ወለንጪቲ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ መቂ ወይም ዝዋይ ያለችው እኅትዎ ሕፃን ታቅፋ ይሆናል። የዚያ ሕፃን የፊት ጥርሶች በዚህች ሰዓት በድዱ ውስጥ እየተሠሩ ናቸው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ወሳኞች ናቸው። እርስዎ ማንበብ የሚችሉ፣ በመሥሪያ ቤትም በር ገብተው መጠየቅ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ፣ ሥራው የእርስዎ ነው።

ለእኅትዎ የሚነግሯት ነገር ይህ ነው። ውኃ ማፍላት የወባን ሳይሆን የሆድ በሽታን ተሕዋስ ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲቀንስ የቀረው ይወፍራል። በጨርቅ ማጥለልም አያወጣውም። የእናት ጡት ወተት ግን ውኃው ቢከፋም ፍሎራይዱ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ቢጠባ ታላቅ ጥበቃ ነው። ከዚያ በኋላም የመጠጡንና የአጥሚቱን ውኃ ከተቻለ ከንጹሕ ጣራ ከተሰበሰበ ዝናብ ወይም ፍሎራይዱ አነስተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ምንጭ ታድርግ። ለማጠቢያ የሚሆነው ሌላ፣ ለሕፃን የሚሆነው ሌላ ቢሆን ክፋት የለውም፤ ለሕፃን የሚያስፈልገው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ስላለው ሕፃንን ሻይ ማስለመድ አይገባም። ወተት ቢጠጣ ግን ካልሲየሙ ይረዳዋል።

ፍሎራይድን ከውኃ የሚያወጡ ማጣሪያዎችም አሉ። በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ የከብት አጥንትና ለዚሁ የተዘጋጀ አሉሚና ፍሎራይዱን ይይዙታል። በአገራችንም ተሠርቶባቸዋል። ነገር ግን ማጣሪያው በየጊዜው ካልታደሰ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ሄደው «የዚህ ጉድጓድ ፍሎራይድ ስንት ነው? መቼ ተለካ?» ብለው ይጠይቁ። ጉድጓድ ከጉድጓድ ይለያያልና፣ የጎረቤት መንደር ውጤት ለእርስዎ መንደር አይሆንም። የሙቀት አገር ሰው ውኃ በብዛት ስለሚጠጣም፣ ትንሽ የመሰለው ቍጥር ትንሽ ላይሆን ይችላል። ብዙ ዘመን ከመጠን በላይ የጠጣ ሰው ከጥርስ አልፎ አጥንቱ ሊደነድንና ጀርባው ሊጎብጥ ይችላል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ይህ ታይቶአል።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ እንለያይ። ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ለስላሳውን ብሩሽ በእርሳስ አያያዝ፣ በጣቶችዎ ብቻ ይያዙት፤ በጭብጥዎ ሲጨብጡት ጉልበት ይመጣልና። ወደ ድድዎ በ45 ዲግሪ ያዘንብሉት። ሁለት ደቂቃ ይቍጠሩ። ከዚያ ወረቀት አውጥተው ወይም ስልክ አንሥተው ለእኅትዎ ስለ ውኃው ይንገሯት። ነገ በመሥሪያ ቤት አንድ ሰው ቢያስቅዎ ደግሞ እጅዎን ከአፍዎ ያውርዱት። ያ ቀለም የስንፍናዎ ምልክት አይደለም፤ የተወለዱበት ምድር ውኃ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ለሚቀጥለው ልጅ እንዳይተላለፍ የሠራ ሰው በኩራት መሳቅ ይገባዋል።